እጅም ፋታ ይፈልጋል

(ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ በአንድ ሰፈር የእድር አዳራሽ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስለ እጅ ሽፍታ ያደረግኩት ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ ሰዎች ስለጠየቁኝ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ? ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ቁጭ በሉ እባካችሁ። ከኋላ ላላችሁ ይሰማል? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ ከጠፋባችሁ እጃችሁን አንሱልኝ።

እጅ ካልን አይቀር፣ እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ። መዳፋችሁን ወደ ላይ። አሁን ገልብጡት። በጣቶቻችሁ መሃል ያለውን እዩ። የጣቶቻችሁን ጎን እዩ። ቀለበት ያላችሁ ቀለበቱን ገፋ አድርጋችሁ ከሥሩ ያለውን ቆዳ እዩ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የሚያሳክክ፣ ከሌላው ቦታ ጠቆር ወይም ቀላ ያለ ነገር ያለበት ሰው አለ? አያለሁ፣ አያለሁ። ብዙ ናችሁ። ከነጠላ ውስጥ ያላወጣችሁትም አላችሁ። ግድ የለም። የመጣሁት ለእናንተም ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ሲስተር እያላችሁ ነው የምትጠሩኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ቁስል ስጠርግ፣ መርፌ ስወጋ፣ ሕፃን ስመዝን። ዛሬ የምናገረው ግን ከሥራዬ ብቻ አይደለም። ይህ የእጅ ሽፍታ እኔም ጋ አለ። ነበረ አላልኩም፣ አለ። አሁን እጄን ብታዩት ደህና ነው። ደህና ሆኖ እንዲቆይ በየቀኑ የማደርግለት ነገር አለ።

ሕመሙን ያየ ያውቀዋል። ቀን ይቆጠቁጣል። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሞቅ ሲለው ማሳከኩ ይነሳል። ስታኪው ደስ ይላል፣ ወዲያው ያቃጥላል። ጠዋት ጣትሽን ስታጥፊ የተሰነጠቀው ይከፈትና ደም ጠብ ይላል። ሎሚ መጭመቅ ፈተና ነው። ቃሪያ መሰንጠቅ ፈተና ነው። ጨው ቆንጥሮ ወጥ ላይ መጨመር እንኳ ፈተና ነው። የልጅ ሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል። ይህን ሁሉ ችላ የምትሠራ ሴት ስንት አለች? "ምን ሆንሽ?" ስትባል "ምንም፣ ትንሽ ደርቆብኝ ነው" ትላለች። ወር ሙሉ እንደዚያ ትላለች። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ይህ ነገር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ። ሁለተኛ፣ ምን እንደሚቀልበው። ሦስተኛ፣ ምን እንደምናደርግ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

እሺ፣ አንደኛው። ምንድን ነው?

ሕዝባችን ችፌ ይለዋል፣ ሐኪሞቹ ኤክዚማ ይሉታል። ቆዳችን ከላይ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ውስጥ ያለውን እርጥበት ይይዛል፣ ከውጭ የሚመጣውን ይመልሳል። የራሱ የተፈጥሮ ቅባትም አለው። ሳሙና ይህን ቅባት ጠርጎ ይወስደዋል። ውሃ ሲመላለስበት ደግሞ ሽፋኑ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ዘልቆ ይገባል። ሳሙናው ይገባል፣ የሽንኩርቱ ውሃ ይገባል፣ የበርበሬው ብናኝ ይገባል። ሰውነት ይቆጣል። ማሳከኩም፣ ማበጡም፣ ውሃ መቋጠሩም ከዚያ የሚመጣ ነው።

አንዳንዱ ሰው ላይ ሥራ ብቻ ነው የሚያመጣው። አንዳንዱ ላይ አለርጂ ነው፤ ሰውነቱ አንድ የተወሰነ ነገር ጠልቷል፣ ያ ነገር በነካው ቁጥር ይነሳበታል። አንዳንዱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ቆዳው ስስ ነው፤ ቤተሰቡ ውስጥ አስም ወይም ችፌ ያለበት ሰው ይገኛል። ሦስቱም አንድ እጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በጣት ጎንና በመዳፍ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ፣ ሲያሳክኩ የሚያሳብዱ ነጠብጣቦች የሚወጡባችሁም አላችሁ። እሱም ከዚሁ ወገን ነው። ላብና ጭንቀት ያብሱታል።

አንድ ነገር ደግሞ በዚህ አጋጣሚ ልጨምር። የሕክምና መጻሕፍት ላይ "ቆዳው ይቀላል" ተብሎ ይጻፋል። እኛ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ጠቆር፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ ያደላ ሆኖ ነው የሚታየው። አልቀላም ብላችሁ አትተዉት።

አሁን ምን እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ይህ በሽታ አይተላለፍም። ልድገመው? አይተላለፍም። በሰላምታ አይተላለፍም። በማዕድ አይተላለፍም። በጉርሻ አይተላለፍም። የቆሻሻ በሽታ አይደለም፤ እንዲያውም አብዝታ የምታጥበዋን ነው የሚያጠቃው። እርግማን አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም።

ለምን ደጋግሜ እንደምለው ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ምሳ ቀረበ። አንዲት ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ እየዞረች ታስታጥባለች። የእኔ እጅ ያን ሰሞን ተላልጦ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዘረጋሁ። ልጅቷ አየችው፤ ጆጉን ከፍ አድርጋ ውሃውን ከሩቅ አፈሰሰችልኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ እናት ሳህናቸውን ቀስ አድርገው ወደ ወዲያኛው ሰው አስጠጉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ማንም። ግን እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እኔ ነርስ ነኝ፣ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ ሳልበላ ተነሳሁ። ይህን የማታውቀዋ ልጅስ? ለመቀጠር ሄዳ እጇን ስታሳይ በር የሚዘጋባትስ? እኛ በእጃችን የምንበላ፣ በእጃችን የምንጎራረስ፣ በእጃችን ሰላም የምንባባል ሰዎች ነን። እጁ የታመመ ሰው ከዚህ ሁሉ ነው የሚገለለው። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ንገሩልኝ። አይተላለፍም።

ነገር ግን የእጅ ሽፍታ ሁሉ ችፌ አይደለም። የሚተላለፉም አሉና ልዩነቱን እንወቅ። ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሃልና አንጓ ላይ የሚወጣ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ በመድኃኒት ይድናል። ግን አብሮ የሚኖረው ሰው ሁሉ፣ ማሳከክ ያልጀመረውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለበት። አንድ እጅ ላይ ብቻ የሆነ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ እግር ጣቶች መሃልም የሚላላጥ ነገር ካለ ፈንገስ መጠርጠር አለበት።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት መጣ። የመጣው ለሳል ነበር። ደረቱን ሳዳምጥ ጣቱ ላይ የተቃጠለ ቁስል አየሁ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። "ብረት ምጣድ ነክቶኝ ነው፤ አልተሰማኝም" አለኝ። አልተሰማኝም! የጋለ ብረት ምጣድ ነክቶት አልተሰማውም። ክንዱን ሳይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ፣ የማያሳክክ ቦታ አለ። ጥጥ አሹሬ ነካሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ መቼ እንደነካሁት አላወቀም። የሥጋ ደዌ ነበር። መድኃኒቱን በነፃ ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ዳነ። ዛሬ ባለ ትዳር ነው። ስለዚህ የሚያሳክክና የሚያቃጥል ቆዳ ሌላ ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ ሌላ ነው። የደነዘዘ ቦታ ያለው ሰው ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛው ነጥብ። ምንድን ነው የሚቀልበው?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እጃችሁ ስንት ጊዜ ይረጥባል? ቁጠሩት እስቲ። ስትነሱ ፊት ትታጠባላችሁ። ልጅ ታጥባላችሁ። የቁርስ ዕቃ። የቡና ሲኒ። ሊጥ። ሽንኩርት። የምሳ ዕቃ። ልብስ። ቤት ትወለውላላችሁ። የመክሰስ ቡና፣ እንደገና ሲኒ። እራት፣ እንደገና ዕቃ። ስለ ሥራና ጤና የሚያጠኑ ሰዎች በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጁ ውሃ ውስጥ የሚቆይ ወይም ከ20 ጊዜ በላይ የሚታጠብ ሰው ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው ይላሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ 20 የማይሞላላት ሴት አለች? እጃችሁን አንሱ። አየሁ። አንድም የለም።

ጎረቤቴ የነበረች አንዲት ሴት ቤት ለቤት እየዞረች ልብስ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየኋት። የሸሚዝ አንገትጌ ይዛ በሳሙና ትፈትገዋለች። የምትፈትገው በጣቶቿ መገጣጠሚያ ነው፤ ጨርቁ ከቆዳዋ ጋር ይፋተጋል። የዱቄት ሳሙናው አረፋ ወደ አንጓዋ ይወርዳል። ከዚያ በረኪና ያለበት ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ያለ ጓንት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ታለቀልቃለች። ከዚያ ሌላ ሸሚዝ። መገጣጠሚያዎቿ ሁሉ ቆስለዋል። ቤቷ ስሄድ መስኮቷ ላይ የተጨመቁ የቅባት ቱቦዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱን ከመድኃኒት ቤት በላቧ ገንዘብ ነው የገዛችው። "ሲስተር፣ አንዱም አልሠራልኝም" አለችኝ። ሠርቶላት ነበር እኮ። ቅባቱ ማታ የጠገነውን ሳፋው ጠዋት ያፈርሰዋል። እህቶቼ፣ ችግሩ ይሄ ነው። የጎደለን ቅባት ብቻ አይደለም። እጃችን ፋታ አላገኘም።

እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሥራዋን መተው አትችልም፤ ልጆች አሏት። ልብሱን ማታ መዘፍዘፍ ጀመረች፤ ያደረ ልብስ ብዙ መፈተግ አይፈልግም። በረኪናውን በእንጨት ማማሰል ጀመረች። ጓንት ገዛች። ከሁለት ደንበኞቿ ጋር ተነጋግራ እነሱ ቤት ማጠቡን ትታ መተኮሱን ያዘች። ሕክምናውንም በሥርዓቱ ጨረሰች። በአንድ ቀን አልዳነችም። ግን ዳነች።

ስለ ሳሙና አንድ ነገር ልበል። ቆዳችን በተፈጥሮው ትንሽ ወደ ኮምጣጣነት ያደላል፤ ፒኤች በሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ 5 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። የልብስ ደረቅ ሳሙና 9ና 10 ይደርሳል። ሁለቱ አይስማሙም። እጃችንን በልብስ ሳሙና፣ በዱቄት ሳሙና፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ መታጠብ ልማድ ሆኖብናል፤ አጠገባችን ያለው እሱ ስለሆነ። የእጅ ሳሙና ለብቻው አስቀምጡ። ሽታው የበረታ አይሁን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ታስታውሳላችሁ? ጤና ጣቢያ ውስጥ የሁላችንም እጅ ነበር የተላጠው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳኒታይዘሩን ነበር የሚወቅሰው፤ የተሰነጠቀ እጅ ላይ ስለሚያቃጥል። ነገር ግን ቆዳን ይበልጥ የሚጎዳው ሳሙናና ውሃ መደጋገሙ ነው።

ምግባችንም አለ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ጥሬ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ሊጥ። በርበሬማ አታንሱት። ለበዓል በርበሬ ስትቀነጥሱ ውላችሁ ማታ እጃችሁ እሳት ሆኖ ያደረበትን ቀን አስታውሱ። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ ብቻ አይለቅም፣ በዘይት ነው የሚሟሟው። ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ታጠቡ። ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያውኑ ጓንት ማድረግ ነው።

የእኛ አገር ክረምት ረጅም ነው። ልብስ አይደርቅም፣ ፎጣ አይደርቅም፣ እጅም አይደርቅም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የቡና ለቀማ ይመጣል። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀን ሙሉ ለቅማችሁ ማታ እጃችሁ ይጣበቃል፣ ይጠቁራል። ያን ጥቁረት ለማስለቀቅ በበረኪና የሚፈትጉ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ጥቁረቱ በራሱ ጊዜ ይለቃል።

ወጣቶች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ፀጉር ቤት የምትሠሩ አላችሁ። ቀን ሙሉ ሻምፖ፣ ቀን ሙሉ ቀለም። በጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ አለርጂ በብዛት የሚያስነሳ ኬሚካል አለ። ይህን ቀለም ሂና ውስጥ ቀላቅለው "ጥቁር ሂና" እያሉ ለሙሽራ የሚቀቡ አሉ። ንጹሕ ሂና ሲደርቅ ቡናማና ቀይ ነው፤ እንሶስላም እንደዚሁ። ቶሎ ብሎ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ከሆነ ሌላ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ማግስት እጇ በአበባው ቅርጽ ልክ ውሃ ቋጥሮ አይቻለሁ። ሰውነት አንዴ ይህን ኬሚካል ከጠላ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ከዚያ በኋላ ፀጉር መቀባት አደጋ ይሆናል።

ግንባታ ላይ የምትውሉ ወንድሞችና እህቶችም አላችሁ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። በውስጡ ያለው ክሮሜት የሚባል ኬሚካልም አለርጂ ያስነሳል። ጓንታችሁ ውስጥ ሲሚንቶ ከገባ ከባዶ እጅ የባሰ ነው፤ አውልቁና ታጠቡ።

ቀለበት ደግሞ አለ። ሳሙና ከቀለበት ሥር ይገባል፣ ሲታጠቡ አይወጣም፣ እዚያው ተቀምጦ ቆዳውን ይበላል። ቀለበቱ ውስጥ ኒኬል የሚባለው ብረት ካለ አለርጂም ይጨመርበታል። የእኔ የባሰው ጣት የቀለበቴ ጣት ነበር። አወለቅኩት። ባለቤቴ ነገሩን አየ፣ ገባው፣ ምንም አላለም። አማቴ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጣም ነው ያዘኑብኝ። ቁጭ ብዬ ቁስሉን አሳየኋቸው። አይተው ራሳቸው ቀለበቱን ከማተቤ ጋር አሰሩልኝ። ቤት ውስጥ ስትሠሩ አውልቁት። ትዳር አይፈርስም።

ስለ ባህል መድኃኒት የግድ ማንሳት አለብኝ። የእናቶቻችንን ዕውቀት አልንቅም፤ እኔም ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ነው ያደግኩት። ግን ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ የቆሰለ እጅ ላይ አስሮ ማደር ቆዳ ያቃጥላል። ጠዋት ሲፈቱት ፊኛ ሆኖ የሚያገኙት ሰዎች ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ፌጦም እንደዚያው ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ያቃጥላል፤ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ፀበል የምትጠመቁ ተጠመቁ። ውዱእ የምታደርጉ በቀን 5 ጊዜ እጃችሁን ታረጥባላችሁ፤ እሱን ማንም አይከለክላችሁም። ከጨረሳችሁ በኋላ ግን አድርቁና ቅባታችሁን ተቀቡ። ሃይማኖትና ቅባት አይጣሉም።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ቫዝሊን። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን። ውድ ክሬም አያስፈልግም። የውድ ክሬም ሽቶ አንዳንዴ ራሱ አለርጂ ያስነሳል። ዋናው ነገር መቼ እንደምትቀቡት ነው። እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ ትኩስ ውሃ ማሳከኩን ያስታግስ ይመስላል፣ በኋላ ግን ያብሰዋል። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ፣ አትፈትጉ። በጣቶች መሃል አድርቁ። ወዲያው ተቀቡ። በቀን አንዴ አይደለም፤ በታጠባችሁ ቁጥር ነው። አንዱን ቆርቆሮ ማጀት፣ አንዱን አልጋ አጠገብ፣ ትንሿን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ። ማታ ወፈር አድርጋችሁ ተቀብታችሁ የጥጥ ጓንት ወይም ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ተኙ። በእንቅልፍ ልባችሁ ከማከክም ያድናችኋል።

ጓንት። የጎማ ጓንት ለውሃ ሥራ ጥሩ ነው። ግን ውስጡ ላብ ይጠራቀማል፣ ላቡም ያሳክካል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ልበሱ። ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ አውልቁና እጃችሁን አናፍሱ። ስትጨርሱ ገልብጣችሁ እጠቡና አድርቁት። የተቀደደ ጓንት ጣሉት፤ ውሃ ይዞ ይቆያል። ጓንቱ ራሱ ከባሰባችሁ የጎማ አለርጂ ሊሆን ይችላልና የፕላስቲኩን ሞክሩ።

አሁን መድኃኒቱ። ሲብስ ሐኪም ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳውን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ያለበት ቅባት ያዛል። ሃይድሮኮርቲዞን ደካማው ነው፤ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ቤታሜታዞን ይጠነክራል። ክሎቤታሶል ከሁሉም ይጠነክራል። እነዚህ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። እጃችሁ ላይ በታዘዘላችሁ መጠን፣ ለታዘዘላችሁ ጊዜ ብትቀቡ አትፍሩ። መጠኑ ምን ያህል ነው? ከቱቦው ከጠቋሚ ጣታችሁ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ጨምቁ። ያ ለአንድ እጅ፣ ለመዳፉና ለጀርባው፣ ይበቃል።

ነገር ግን ይህንኑ ቱቦ ፊት ለማቅላት የሚቀቡ ልጆች አሉ። ስሙኝ ልጆቼ፣ በጣም አዝኜ ነው የምናገረው። የፊት ቆዳ ስስ ነው። ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይወጣል፣ ብጉር ይሞላዋል፣ ስትተዉት ደግሞ ይነድዳል። እጃችሁ ላይ የታዘዘው እጃችሁ ላይ ይቅር። ለጎረቤትም አታውሱት። የጎረቤታችሁ ፈንገስ ከሆነ ይህ ቅባት መልኩን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም፤ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል።

ውሃ እያዠ ያለ እጅ ላይ ሐኪም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባለውን ሐምራዊ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ውሃው ፈካ ያለ ሮዝ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው የሚበጠበጠው። ፍሬው ሳይሟሟ ከነካችሁ ያቃጥላል። ጥፍር ያጠይማል፤ እሱ ግን ይለቃል።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሕክምና ትጀምራላችሁ፣ በሁለት በሦስት ሳምንት እጃችሁ ያምራል። ደስ ይላችኋል። ጓንቱን ትጥላላችሁ፣ ቫዝሊኑን ትረሳላችሁ፣ ወደ ሳፋው ትመለሳላችሁ። በወሩ ሽፍታው ተመልሶ ይመጣል። "መድኃኒቱ ለጊዜው ነው የሚሠራው" ትላላችሁ። እጅ ከላይ አምሮ ሳለ ውስጡ ገና አልጠናም። የቆዳው መከላከያ ወደ ነበረበት ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል። ወራት! ስለዚህ እጃችሁ ባማረ ማግስት ነው ጥንቃቄው የሚበረታው። ባማረ ማግስት ቫዝሊን። ባማረ ማግስት ጓንት።

በዚህ ሁሉ ካልተሻላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ጠይቁ። እዚሁ ከተማችን በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ስትሄዱ ምን ሥራ እንደምትሠሩ፣ ምን እንደምትነኩ፣ በእረፍት ቀን ይሻላችሁ እንደሆነ ንገሯቸው። ሐኪም ከእጃችሁ ይልቅ ከዚህ ወሬ ብዙ ያገኛል። ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ መግል ከያዘ፣ ካበጠና ትኩሳት ካለው፣ ወይም መስመር ሠርቶ ወደ ክንድ ከወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሂዱ።

ወንድሞቼ፣ ጥቂት ብትሆኑም መጥታችኋል፣ እግዜር ያክብራችሁ። ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሚስትህ፣ የእህትህ፣ የእናትህ እጅ ቆስሎ ከሆነ ለአንድ ወር የዕቃውን ውሃ አንተ ውሰደው። አንድ ወር። ከማንኛውም ቱቦ የበለጠ ይሠራል። ቤት ውስጥ ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ ጓንትና ቫዝሊን ግዙላት። የእሷ እጅ የእናንተን ቤት ሲያጥብ ነው የቆሰለው። "ሠራተኛዬ እጇ ታሞ ላሰናብታት ነው" ያለችኝ ሴት ነበረች። "እጇን ያሳመመው ማን ሆነና?" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ጓንት ልትገዛ አብረን ወደ መርካቶ ወረድን።

እድሩን አንድ ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ሰብሳቢው እዚህ አሉ። የእድር ድንኳን ሲተከል ሁልጊዜ የሚያጥቡት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ትልልቆቹን ብረት ድስቶች በባዶ እጃቸው ነው የሚፈትጉት። ከእድሩ ዕቃ ጋር ጥቂት ጥንድ ረጅም የጎማ ጓንትና እጀታ ያለው ብሩሽ ይገዛ። አጣቢዎቹም በተራ ይሁኑ፤ እጇ የቆሰለች ሴት እስኪሻላት ድረስ ከማጠቡ ወጥታ ማስተናገዱን ትያዝ። ይህ በዛሬው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ።

አሁን ቡናው እስኪደርስ እዚያ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል። እጃችሁን ማሳየት የምትፈልጉ በየተራ ኑ። የምትቀቡትን ቱቦ ቦርሳችሁ ውስጥ የያዛችሁ ይዛችሁት ኑ፣ የተጻፈበትን አብረን እናነበዋለን። እትዬ፣ እርስዎ መጀመሪያ ይምጡ።